ጤና አዳም ክረምት ላይ ለምን ይደርቃል?

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፤ ጤና አዳሙ ክረምት በገባ ቁጥር ለምን እንደሚደርቅብሽና እውነት የአገራችን ተክል መሆኑን።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ነውና። ትውልዱ ሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። በሉቃስ ወንጌል 11፥42 ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው አትክልቶች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ዘመዶቹ ሎሚና ብርቱካን ናቸው፤ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ብታነሺው ጥቃቅን ነጠብጣብ ታያለሽ፣ ያ ሁሉ ሽታ ያለው እዚያ ዘይት ውስጥ ነው።

ድንጋያማና ደረቅ ቦታ የለመደ ተክል የሐምሌን ዝናብ ዋልካ ላይ ቆሞ አይችለውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ክፋቱ፣ ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውኃ እንደጠማው ሁሉ ይጠወልጋል፤ ሰው አዝኖ ያጠጣዋል፣ በዚያው አለቀለት። ነቅለሽ እዪው፦ ሥሩ ጠቁሮ ልጣጩ በጣት ከተላቀቀ ነገሩ ይኸው ነው። መደቡን 30 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጊና አሸዋና ጠጠር ቀላቅይበት። አፈርሽ አሲዳማ ቀይ አፈር ከሆነ አንድ እፍኝ የምድጃ አመድ ጨምሪ። ፍግ አታብዢበት፤ ይለመልምና ሽታው ይሳሳል።

ለመተካት ከዘር ይልቅ ቁራጭ ይፈጥናል። መስከረም መጨረሻ ላይ ያላበበ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ. ቆርጠሽ፣ የታች ቅጠሉን አራግፈሽ፣ ግማሹን ጥላ ቦታ ቅበሪው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሥር ያወጣል። ስትከረክሚ ቅጠል ወደሌለው አሮጌ እንጨት አትውረጂ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል።

አጠቃቀሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው በማብዛት ነው። ለቡና አንዲት ለጋ ቀንበጥ ስኒው ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይበቃል፤ ከቆየች ትመራለች። ለአይብ ጥቂት ቅጠል አድቅቆ መክተፍ፣ ለበርበሬ ደግሞ ፍሬውን። ፍሬው በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ ግን በርበሬው ይሻግታል። ለቁርጠት ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማኘክ የቆየ ልማድ ነው፤ ለቡዳ አንገት ላይ ማሰርም እንዲሁ (ስለ ቡዳው አልከራከርም)። ነፍሰ ጡር ግን ጨምቃም አፍልታም አትጠጣው፤ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ሊያስወርድ ይችላል።

ስትለቅሚም ማታ ይሁን። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እሳት እንደነካው ውኃ ይቋጥራል፤ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። የነካሽን ወዲያው በሳሙና ታጠቢ።