ስም ከመምጣቱ በፊት ስላሉት ዓመታት

ልጆቼ፣ ትወና ጀምራችሁ "እስካሁን ማን አየኝ?" እያላችሁ የምትጨነቁትን ነው ዛሬ የማናግረው። ዕድሜዬ ያለቀው መድረክ ላይ ነው። ይህን ጭንቀት በብዙ ልጆች ፊት ላይ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዶቹ በጣም ጎበዞች ነበሩ፣ ቶሎ ትተውት ሄዱ። ያሳዝነኛል። ስለዚህ ስለምወደው ሩሲያዊ ተዋናይ፣ ስለ ኢኖከንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ልንገራችሁ።

በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሳይቤሪያ ውስጥ መንደር ተወለደ። ገና በጉርምስናው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ። ኩርስክ ላይ ተዋጋ፣ በ1943 መጨረሻ ጀርመኖች ማረኩት፣ አመለጠ፣ አንድ የዩክሬን ቤተሰብ ሸሸገው፣ ደግሞም ተመልሶ ተዋጋ። በዚያ ዘመን በሶቪየት ሕብረት ግን ምርኮኛ የነበረ ሰው በጥርጣሬ ነበር የሚታየው። እሱም ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ ኖሪልስክ ገባ። እስረኞች የገነቧት፣ በክረምት ለሳምንታት ፀሐይ የማትወጣባት የሰሜን ጫፍ ከተማ ናት። እዚያም ቴአትር ነበር፤ ተጫወተ። ቀጥሎ በሌሎች የክፍለ ሀገር ከተሞች ቴአትሮች ሠራ፤ ማካችካላ፣ ግሮዝኒ፣ ስታሊንግራድ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እነዚያን ዓመታት የጥበቃ ዘመን ያደርጓቸዋል። እኔ አልስማማም። ሰውየው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፣ እየተጫወተ ነበር! ታዋቂ ያልሆነ ተዋናይ ሽማግሌም፣ ወታደርም፣ አፍቃሪም ሁኖ የሚሠራው፣ የሚሳሳተውና የሚያርመው እንዲህ ዓይነት ቴአትር ውስጥ ነው።

በ1955 ሞስኮ ገባ፤ ቋሚ ቦታ የሚሰጠው ቴአትር አጣ። በመጀመሪያዎቹ የፊልም ሥራዎቹ ካሜራ ፊት በጣም ተረበሸ፣ ቃለ ተውኔቱ ጠፋበት። አዘጋጁ ሚካኢል ሮም ታገሰው። እንዲህ ያለ አዘጋጅ ካገኛችሁ አክብሩት።

ከዚያ ሌኒንግራድ ሄደ፤ በአዘጋጁ ቶቭስቶኖጎቭ ተውኔት ውስጥ የዶስቶየቭስኪን ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ፣ ልዑል ሚሽኪንን፣ እንዲጫወት ተሰጠው። ልምምዱ አልሆን አለው። አንድ ቀን በሌንፊልም ስቱዲዮ ግርግር መሐል ቆሞ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አየ። በዙሪያው ሰው ይጣደፋል፣ እሱ የለበትም። ለካ ረጅም ዓመት በእስር ካምፕ ያሳለፈ ሰው ኖሯል። ስሞክቱኖቭስኪ ልዑሉን ያገኘው በዚያ ሰው አቋቋም ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 31፣ 1957 ተውኔቱ ተከፈተ፤ አገሩ ሁሉ ስለ እሱ ማውራት ጀመረ።

እኔን የሚገርመኝ ስኬቱ ሳይሆን ዓይኑ ነው። ከመንገድ የሚያልፈውን ሰው እንዲህ ማየት የሚችለው ብዙ ያየ ነው፤ ምርኮውም፣ ብርዱም፣ የክፍለ ሀገሩ መድረክም አብረውት ነበሩ። እናንተ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ ስንቱ ገጸ ባሕርይ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይወርዳል! እባካችሁ ቀና በሉ።

በ1964 አዘጋጁ ኮዚንትሴቭ ከሼክስፒር ተውኔት በሠራው ፊልም ሃምሌትን ሆነ፣ በዓመቱ የሶቪየትን ትልቅ ሽልማት፣ የሌኒን ሽልማትን፣ ተቀበለ። በ1966 ደግሞ በሌላ ፊልም ከሙሰኞች መኪና እየሰረቀ ገንዘቡን ለሕፃናት ማሳደጊያ የሚሰጥ የዋህ ሰው ሆኖ አሳቀ። ያው ሰው ነው፣ ግን አንድም ነገር አልደገመም።

ሃምሌቱን ፈልጋችሁ እዩልኝ። በተለይ ዋሽንት ይዞ ጓደኞቹን የሚያፋጥጥበትን ትዕይንት። ዓይኑንና እጁን ተከታተሉ፣ መልሳችሁ እዩት፣ ከዚያ ምን እንዳያችሁ ጻፉልኝ።