ካሁት ሁለት ሳምንት ደምቆ ለምን ይቀዘቅዛል?

ሰላም መምህር፣ ጥያቄዎ ይህ ነው፦ 70 ተማሪ ያለበት የሁለተኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ ካሁት (ተማሪው ሰዓት እየተቆጠረበት በስልኩ የሚመልሰው የኩዊዝ ጨዋታ) ጀመሩ፣ ሁለት ሳምንት ደመቀ፣ ከዚያ የፊት ወንበር ተማሪዎች ብቻ ቀሩ። ዲፓርትመንቱ ደግሞ መምህራንንም በነጥብ ሊያወዳድር አስቧል።

ተማሪዎቹ ጨዋታው ሰልችቷቸው አይመስለኝም። ያባረራቸው የነጥቡ አቆጣጠር ነው። ካሁት እንዳለ ሲጠቀሙበት ለትክክለኛ መልስ እስከ 1000 ነጥብ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የመለሰ ግን ወደ 500 ይወርዳል። 20 ሰከንድ በተመደበለት ጥያቄ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ለማንበብ 8 ሰከንድ የጨመረ ተማሪ መልሱን እያወቀ 200 ነጥብ ያጣል። በአሥር ጥያቄ 2000 ሆነ። ሰዓቱን 120 ሰከንድ ቢያደርጉት ያችው 8 ሰከንድ የምታስከፍለው 33 ገደማ ብቻ ነው። ስሌት ያለበትን ጥያቄ በ20 ሰከንድ መጠየቅ በመጀመሪያውም ግምትን መሸለም ነው።

ዋይፋዩ የማያስተማምን ከሆነ ፕሊከርስን ይሞክሩ። ተማሪው የወረቀት ካርድ ይይዛል፣ የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ያነሣል፣ እርስዎ ክፍሉን በስልክዎ ካሜራ ይቃኛሉ። ከተማሪ ስልክም ዳታም አይፈለግም። ትልቁ የካርድ ስብስብ 63 ስለሆነ ለ70 አይበቃም፤ ለሁለት ተማሪ አንድ ካርድ ይስጡ፣ 35 ይበቃል። ሁለቱ ካርዱን ከማንሣታቸው በፊት መከራከራቸው ደግሞ ራሱ ትምህርት ነው። ካርዱን በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አያስለብጡት፤ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም። ጣት ምስሉን ሲሸፍንም እንዲሁ።

ዋናው ለውጥ ግን ደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ከ1 እስከ 70 ስም ደርድሮ መለጠፍ የሚያበረታታው ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት ሰዎች ነው፤ 48ኛው ምን ቢያጠና 1ኛ እንደማይሆን በሁለተኛው ሳምንት ገብቶታል። የትምህርት ተመራማሪው ሮበርት ስላቪን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው የቡድን አሠራር ይህን ይፈታል። ተማሪው የሚወዳደረው ከራሱ መነሻ ውጤት ጋር ነው። ከመቶ በሚታረም ኩዊዝ ከመነሻው ከ10 በላይ የወረደ 5 ነጥብ፣ ከ1 እስከ 10 የወረደ 10፣ መነሻውን የደገመ ወይም እስከ 10 የጨመረ 20፣ ከ10 በላይ የጨመረ ወይም መቶ የደፈነ 30 ያገኛል። ስለዚህ ከ42 ወደ 55 የወጣ ለቡድኑ 30 ያመጣል፣ ከ90 ወደ 88 የወረደው ጎበዝ ግን 10 ብቻ።

ኩዊዙን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተናል፤ የቡድኑ ውጤት የአባላቱ አማካይ ነው። የኛ 1 ለ 5 አደረጃጀት የወደቀው እዚህ ጋ ነው፦ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። እዚህ ግን ጎበዙ ራሱ ደካማውን ካላስጠና ቡድኑ አይነሣም። አንድ ተንኮል ይጠብቁ፦ መነሻው ዝቅ እንዲልለት የመጀመሪያውን ኩዊዝ ሆን ብሎ የሚወድቅ አይጠፋም። መነሻ የሚወሰድበትን ፈተና ለግሬድ ይያዙት፣ መነሻውንም በየሁለት ኩዊዙ እንደገና ያስሉ።

በሳምንቱ መሃል አንድ የቴሌግራም ኩዊዝ ግሩፑ ላይ ይልቀቁ። ለምሳሌ፦ «የአምስት ተማሪዎች የቀን ወጪ 140፣ 15፣ 10፣ 20፣ 15 ብር ነው። ሚዲያኑ ስንት ነው?» ምርጫዎቹ 10፣ 15፣ 40 እና 75። ትክክለኛው 15 ነው፣ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው። 10ን የመረጠ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሳያስቀምጥ መሃሉን ወስዷል፣ 40ን የመረጠ ሚን (አማካይ) አስልቷል፣ 75ን የመረጠ ትንሹንና ትልቁን ደምሮ ለሁለት አካፍሏል። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ እንዲህ የራሱ ስሕተት ካልተደበቀበት ኩዊዙ የሚነግርዎት ነገር የለም። ማብራሪያ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ አይተዉት፤ የተሳሳተ ሰው ወዲያው የሚያየው እሱን ነው፣ የሚይዘውም 200 ፊደል ብቻ ስለሆነ ያሳጥሩት።

የእነዚህ ኩዊዞች ክብደት ከኮርሱ ውጤት ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ይሁን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ኮርስ አውትላይን ላይ ይግባ። ከዚያ በላይ ሲሆን ስልክ መቀባበል ይጀመራል፣ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ሚድ ሲቃረብ ማንም አይመጣም።

መምህራንን በተመለከተ በተማሪ ግምገማ ደረጃ አውጥቶ ቦርድ ላይ መለጠፍ ግሬድ ማናር ነው የሚያመጣው። በተጫነ ፋይል ብዛት ነጥብ መስጠትም ሲስተሙን በአሮጌ ሃንድአውት መሙላት ነው። ዲፓርትመንትዎን ካሳመኑ የግለሰብ ውድድሩን ትተው የጋራ ግብ ያስቀምጡ፦ በሴሚስተሩ 120 የመውጫ ፈተና መለማመጃ ጥያቄ። አንድ ጥያቄ የሚቆጠረው ሌላ መምህር መልሱን ሳያይ ሠርቶት ያው መልስ ሲመጣለት ነው። ነጥቡ ለጸሐፊውም ለፈታሹም እኩል ይሰጥ፤ አለበለዚያ ሁሉም ጸሐፊ ይሆንና ፈታሽ ይጠፋል። ሽልማቱንም ባጅ ብቻ አያድርጉት። በሞጁል ጸሐፊነት የሚያዝ ደብዳቤ ለደረጃ እድገት ፋይል፣ ወይም ከፈተና ጥበቃ አንድ ፈረቃ ነፃ መሆን፤ ሁለተኛውን ዲፓርትመንት ኃላፊው ያለ ምንም በጀት ነገ ሊጀምረው ይችላል።