የሙሸበክ ሽሮፕ ያቃጠላት እጅ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ለኢፍጣር ሙሸበክ ስጠብስ፣ ከምድጃው ጎን ያስቀመጥኩት የፈላ ሽሮፕ ተደፍቶ የ4 ዓመት ልጄን ቀኝ እጅ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ አቃጠላት። ወዲያው ኮልጌት ቀባኋት፤ በማግሥቱ ጎረቤቴ የእንቁላል ነጭ ደረበችበት። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ አፈነዳሁት፤ እንዳያመረቅዝ ብዬም የአምፒሲሊን ካፕሱል ከፍቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። ዳር ዳሩ ሲነካ ትጮኻለች። መሃሉ ነጣ ብሏል፤ ደግነቱ እሱ አያማትም። ጠባሳ እንዳይቀርባት ምን ልቀባት?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ጠባሳ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን እጇ ተኮማትሮ እንዳይቀር ይመስለኛል። ይህ የብዙ እናቶች ስጋት ነው። የልጅ ቆዳ ቶሎ ይድናል፤ በጊዜ የታከመ እጅም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀድሞው ይጨብጣል፣ ይዘረጋል። ይህን የምልዎት ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይወስዷታል ብዬ ነው። ነገ አይደለም፣ ከኢፍጣር በኋላም አይደለም።

«ደግነቱ አያማትም» ያሉት እኔን ያስደነገጠኝ ነው። ላይ ላዩን የተቃጠለ ቆዳ ሮዝ ሆኖ ይረጥባል፣ ሲነካ ያንገበግባል፣ ጫን ሲሉት ነጥቶ ሲለቁት መልሶ ይቀላል፤ እንዲህ ያለው ባብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ነጥቶ የቀረና የማያም ከሆነ ግን ቃጠሎው የሕመም ነርቮቹን ጭምር አልፎ ጠልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ ቁስል ነው ቆዳን የሚያኮማትረው። ልጅቷ ስትጮኽ እርስዎ ይጨነቃሉ፤ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ዝም ያለችበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ኮልጌትና እንቁላል ደርቀው ራሳቸው ነጭ ስለሚሆኑ፣ ያ ንጣት የቆዳዋ ይሁን የቅባቱ ሳይታጠብ ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ብቆጣ ይታገሡኝ። ኮልጌት ቃጠሎ አያበርድም። ውስጡ ያለው ሜንታ ነርቭን ያታልልና የቀዘቀዘ ያስመስላል እንጂ ሙቀቱ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ወፍራም ልባስ ሆኖ ያፍነዋል። ጥርስ ለመፈግፈግ የተሠራ ነገር የተላጠ ሥጋን ደግሞ ይለበልባል፤ ሲያነሱት ልጅቷ ሁለተኛ ትሰቃያለች። የእንቁላል ነጭ «ቆዳ ይሠራል» ይባላል። አይሠራም። ጥሬ እንቁላል ለመብላት እንኳ የምንፈራው ጀርም ስለሚይዝ አይደለም እንዴ? ክፍት ቁስል ላይ ሲሆን ምን አስደፈረን? ቅቤ፣ ዱቄት፣ የቡና ዱቄት፣ ሊጥ፣ ሁሉም ያው ነው። የካፕሱሉ ዱቄት ደግሞ ለመዋጥ የተሠራ ነው፤ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ከፈሳሹ ጋር ይጋገርና ከሥሩ መግል ይደብቃል፣ ቆዳንም ሊያስቆጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መነስነሱ ይቅር። የቋጠረው ውሃም በመርፌ አይፈነዳም፤ ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነበር።

ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ውሃ ብቻ ነበር። በተለይ ለሽሮፕ! ዘይት ይንሸራተታል፤ ሽሮፕ ግን ተጣብቆ እስኪሟሟ ድረስ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ስኳሩን የሚያሟሟው ደግሞ ውሃ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ለ20 ደቂቃ በሰዓት ተይዞ፤ በረዶ አይደለም። ቧንቧ ከሌለ ከባልዲ በጆግ እየቀዱ በቀስታ ማፍሰስ ይበቃል። ቀለበትና አምባር እጁ ሳያብጥ ይወልቃል። ከዚያ በንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ነው። ማቀዝቀዙ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፤ ለእርስዎ ልጅ አልፏልና ስለሱ አይቆጩ።

አሁን ምንም ሳይጨምሩበት በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑትና እጇን ከልቧ ከፍ አድርገው ይውሰዷት። ድል ጮራ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የእጅ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ሆስፒታል መታየት አለበት። የክትባት ካርዷን ይያዙ፣ የቴታነሱን ያዩታል። ለሕመሟ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፤ 16 ኪሎ ከሆነች 240 ሚሊግራም ነው። ፋሻው ሲታሰር ጣቶቿ ለየብቻ እንዲጠቀለሉ ይጠይቁ፤ ተጣብቀው ከታሰሩ ተጣብቀው ይድናሉ። እንድታንቀሳቅሳቸው ከተፈቀደላትም አሟት ብለው አይተዉት። ትኩሳት፣ ሽታ፣ ወደ ክንዷ የሚወጣ መቅላት ወይም መፍዘዝ ካዩ በሌሊትም ቢሆን ይመለሱ።

ስለ ሙሸበኩ ደግሞ፣ መተው የለብዎትም፤ ጥፋቱ በቅደም ተከተሉ ነው። ትኩስ ሙሸበክ የሚነከረው በቀዘቀዘ ሽሮፕ ነው፤ ሁለቱም ትኩስ ሲሆኑ ይልማል፣ ኩርሽም አይልም። ስለዚህ ሽሮፑን ዘይት ከመጣድዎ በፊት ይጨርሱት፦ 2 ስኒ ስኳር በ1 ስኒ ውሃ፣ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ፣ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ትንሽ ሎሚ፣ ከወደዱ ሄል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆይ። ዘይቱ ከመጥበሻው ግማሽ አይለፍ። ከሽሮፑ የሚያወጡበት ማንኪያ ዘይት ውስጥ አይግባ፤ አንድ ጠብታ ሽሮፕ 180 ዲግሪ የደረሰ ዘይት ውስጥ ሲወድቅ ውሃው ወዲያው ተኖ ዘይቱን ፊትዎ ላይ ይረጨዋል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ይድፈኑት፤ ውሃ እንዳያፈሱበት።

ጠባሳውን በተመለከተ፣ ቁስሉ ተዘግቶ እስኪደርቅ ሐኪሙ ካዘዘው በቀር ምንም አይቀባም። ከተዘጋ በኋላ ንጹሕ ቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስቴ እያሹ መቀባት ነው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ደግሞ እጇን ከድሬ ፀሐይ በረጅም እጅጌ መከለል። መጀመሪያ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ወራት ይፈጃል። እየጠነከረ ካበጠ ወይም ጣቷን መዘርጋት ካቃታት ግን ወሩን አይጠብቁ፣ ያከማትን ሐኪም ዘንድ ይመልሷት።