ሮምን በሁለት ቀን፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፓዶቫ ውስጥ የሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ጣልያን ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ቢሆንም ከትምህርት ቤቴና ከመኝታ ክፍሌ በቀር ያየሁት ነገር የለም። አሁን ፈተናዬን ስለጨረስኩ ለቅዳሜና ለእሁድ ሮም ልሄድ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ረጅም ዝርዝር ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ለሁሉም የሚበቃ ጊዜም ገንዘብም ግን የለኝም። አያቴ ደግሞ በስልክ ስነግራት «እዚያ ሄደሽ ምን ልታዪ?» ብላ ዝም አለች። አባቷ ማይጨው ዘምተው ያልተመለሱ ናቸው። ከየት ልጀምር? የእኛ የሆነ ነገርስ አለ? አስጎብኚ መያዝ ይኖርብኛል?

የፓዶቫዋ ተማሪ

መልስ፦

ልጄ፣ እንኳን ፈተናሽን በሰላም ጨረስሽ። ዝርዝሩን እዚያው ፓዶቫ ተዪው። ሮም ተምሬ ብዙ ዘመን የኖርኩባት ከተማ ናት፤ በሁለት ቀን ሃያ ቦታ የሮጡ እንግዶችን አይቻለሁ፤ ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ሰልፉ ብቻ ነው። የአያትሽንም ዝምታ እንደ ቀላል ነገር አላየውም። እርሳቸው የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚጀምረው ገና ከባቡር ስትወርጂ ነው።

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1887 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዛፎች መካከል፣ ከግብፅ የመጣ፣ የፈርዖኑ የራምሴስ ዳግማዊ የሆነ ቀጥ ያለ የድንጋይ ሐውልት (ኦቤሊስክ) ቆሟል፤ ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል፤ አንቺ ግን ቁሚና አንብቢው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ተቃውሞውን አሰምቶ የተያዘውም በዚሁ ስፍራ ነው፤ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ቆሟል።

ከዚያ ቅዳሜሽን ለፓንቴዎን ስጪው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ126 አካባቢ ያስጨረሰው ይህ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለአንቺ ሙያ ትምህርት ቤት ነው። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታም ያው 43.3 ሜትር። ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ ብረት አልባ ከሆኑት የኮንክሪት ጉልላቶች ዛሬም በዓለም ትልቁ እርሱ ነው። እንዴት ሳይወድቅ ቆመ? ከታች በከባዱ ድንጋይ ጀምረው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ግድግዳውን እያሳሱ፣ የሚቀላቅሉትንም ድንጋይ እያቀለሉ ሄዱ፤ ጫፉ አካባቢ ያለው እኛ አገር ብሎኬት የምንሠራበት ፑሚስ ነው። መሀሉን ደግሞ ክፍት ተዉት። ዝናብ ሲመጣ በክፍቱ ይገባል፤ ወለሉ ግን በስሱ ጎበጥ ብሎ ስለተሠራና ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃው ይሄዳል። ቀዳዳዎቹን ሳትፈልጊ አትውጪ። መሐንዲስ ፓንቴዎን ገብቶ ወደ ላይ ብቻ አይቶ ከወጣ አዝናለሁ።

ከፓንቴዎን በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ሰዓቱን ጠብቂ። በስተግራ ባለው የመጨረሻ ጸሎት ቤት የጣልያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። ሁሉም የሚጋፋው በግራ ግድግዳ ወዳለው፣ ጌታ ማቴዎስን ሲጠራው ወደሚያሳየው ነው። አንቺ ወደ ቀኙ ዙሪ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ የተሠዋው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በኢትዮጵያ ንጉሥ ትእዛዝ፣ መሠዊያው ፊት። ሥዕሉ ያንን ያሳያል፦ ግማሽ አካሉ የተራቆተ ገዳይ የሽማግሌውን ክንድ ጨብጦ ይዟል፤ መልአክ ከደመና ላይ ጎንበስ ብሎ የዘንባባ ዝንጣፊ ያቀብለዋል፤ አንድ ትንሽ ልጅ እየጮኸ ይሸሻል። ካራቫጆ የእኛን አገር አላየም፤ በሥዕሉም ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው አታገኚም። ቢሆንም ታሪኩ ደርሶት በ1600 እዚህ ግድግዳ ላይ አኑሮታል።

እሁድ ጠዋት ከቴርሚኒ የምድር ውስጥ ባቡር ይዘሽ ቺርኮ ማሲሞ ውረጂ። አጠገብሽ ያለው ትልቅ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ መሠራት የጀመረው ግን ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ ያለው ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ልጄ፣ ከሮም ሁሉ አስበልጬ እንድታዪው የምፈልገው ቦታ ነው። ዛሬ ያሉበት በ2001 በአሜሪካ በደረሰው ጥቃት የሞቱትን የሚያስቡ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው። 24 ሜትር የሚረዝመው፣ 160 ቶን የሚመዝነው የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። ሮም ከግብፅ ያመጣቻቸው ሐውልቶች በየአደባባዩ እንደቀሩ ይህም ይቀራል ብለው ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣልያን የዘረፈችውን በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች፤ ሐውልቱ ግን ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ2005 ነው። ለአያትሽ አንድ ፎቶ ብቻ የምትልኪ ከሆነ የዚህን ቦታ ላኪላቸው፤ የተወሰደብን ተመልሶ የሄደው ከዚህ እንደሆነም ንገሪያቸው።

ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በእግርሽ ሂጂ። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ ያጠናቀቀው የማራቶን መጨረሻ ይህ ነው። ምሽት ነበር። ሐውልቱ ያኔ ገና እዚያው ቆሞ ነበር፤ አበበ በአጠገቡ አልፎ፣ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቅስቱ ሥር ገባ። ይህን መንገድ በታክሲ አትሂጂበት።

ኮሎሲየም እዚያው ነው። ትኬት ቀድመሽ ግዢ፤ ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርትሽን ያዢ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከሆነ በነፃ ይገባል፤ ሰልፉ ግን ግማሽ ቀንሽን ይበላዋል፤ እኔ ብሆን እከፍላለሁ። በዚያው ትኬት ፎረም፣ የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ስትገቢ የቲቶን ቅስት ፈልጊ። በውስጡ ግድግዳ፣ በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከቤተ መቅደሱ የተዘረፈውን ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ወታደሮች ተሸክመውት ይታያሉ። ከፖርታ ካፔና መጥተሽ ይህን ስታዪ ማንም ሊያብራራልሽ አያስፈልግም።

አስጎብኚ የምትይዢ ከሆነ ለፎረም ብቻ ያዢ፤ የሚያስረዳው ሰው ከሌለ የፈረሰ ድንጋይ ክምር ነው። ፈቃድ ያለውን ምረጪ፤ ከኮሎሲየም በር እጅሽን የሚጎትትሽን እለፊው። ለምሳ ወደ ቴርሚኒ አካባቢ ተመለሺ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ውኃ አትግዢ፤ በየመንገዱ ሳያቋርጥ የሚፈሰው ቧንቧ ንጹሕ ነው።

ቫቲካንን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ለአገራችን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዚያ የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ ያሳተሙት። ግን ከቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ፈቃዱም አስቀድሞ የሚጠየቅ ነው። ቀን ስትቆርጪ ጻፊልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አብረን እናዘጋጃለን።