ኬ3ቢ አልጫን ብሎ ላስቸገረህ

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩ ገብቶኛል። የሰርግ ቪዲዮ ዲቪዲ ላይ በርን ላድርግ (ልጻፍ) ብለህ ኬ3ቢ የሚባለውን የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣህ። ኡቡንቱህ (ሊኑክስህ) ላይ በዲፒኬጂ፣ ማለትም የፓኬጅ ፋይል በሚጭነው ትዕዛዝ፣ ስትጭነው ዲፔንደንሲ (ፕሮግራሙ እንዲሠራ የሚፈልገው ሌላ ፓኬጅ) ጎደለ አለህ፤ የጎደለውን ፈልገህ ብታወርድ እሱ ደግሞ ሌላ ጠየቀ።

እዚህ ላይ አቁም። ልፋ ብሎህ ነው እንጂ ይሄ በእጅ የሚለቀም አይደለም። ኬ3ቢ የተሠራው ኬዲኢ ለሚባለው ዴስክቶፕ ነው፤ መደበኛው ኡቡንቱ ደግሞ የሚመጣው ግኖም በሚባል ሌላ ዴስክቶፕ ስለሆነ የኬዲኢ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞቹ የሚጋሯቸው ፋይሎች) ማሽንህ ላይ የሉም። ዲፒኬጂ የሰጠኸውን ብቻ ይዘረግፋል፣ የጎደለውን ሄዶ አያመጣም። ከኢንተርኔት የሚያመጣው አፕት የሚባለው ትዕዛዝ ነው።

ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማጋሪያውን) አብራ። ተርሚናሉ ላይ መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ብለህ ጻፍ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ፦ sudo apt update፣ ቀጥሎ sudo apt --fix-broken install፤ ከፊክስ በፊት ያሉትን ሁለት ሰረዞች እንዳትረሳ)። ልቀጥል ወይ ሲልህ ቶሎ ዋይ (Y) የሚለውን ፊደል አትጫን፣ አንብበው! ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግርሃል፤ የሞባይል ዳታህ ይበቃ እንደሆነ እይ። ኬ3ቢን ራሱን ላጥፋ ካለህ ግን በፍላሽ ያመጣኸው ፋይል ምናልባት ለሌላ የኡቡንቱ ቨርዥን የተሠራ ነው። ይጥፋ፣ ምንም አይጎዳህም። ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኬ3ቢ» በለው፣ ለቨርዥንህ የሚሆነውን ከነጓዙ ያመጣዋል። እንዲህ ያለ ፓኬጅ የለም ካለህ ዩኒቨርስ የሚባለው ሪፖዚተሪ (አፕት ፓኬጅ የሚያወርድበት ማከማቻ) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ ገብተህ ምልክት አድርግበትና አፕዴቱን ድገመው።

ከሰው ማሽን ዴብ (የኡቡንቱ ፓኬጅ ፋይል) እየገለበጡ ማምጣትም ይቻላል፣ ግን ቨርዥኑ አንድ መሆን አለበት፤ ያ ሰው ቀድሞ የጫነውን ደግሞ አፕት ድጋሚ ስለማያወርድ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ነገር ይጎድላል። እኔ ብሆን ላፕቶፑን ይዤ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ቤት እሄዳለሁ።

ተጭኖ ሲዲ ይጽፋል፣ ዲቪዲ ግን እምቢ ካለህ ግሮውአይሶኤፍኤስ (growisofs) የሚባለው ፕሮግራም መኖሩን አረጋግጥ፤ ዲቪዲውን የሚጽፈው እሱ ነው።

ዳታው በዛብኝ ካልክ ብራሴሮ የሚባለውን ሌላ የዲስክ መጻፊያ ጫን። ለግኖም የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጓዝ አይጠይቅም፣ በቴሌቪዥን ዴክ የሚከፈት ቪዲዮ ዲቪዲም ያዘጋጃል። ኤክስኤፍበርን የሚባለው ሦስተኛው መጻፊያ ከሱም ይቀላል፤ ግን የቪዲዮ ዲቪዲ አያዘጋጅም፣ ፋይል ለማስቀመጥ እንጂ ለሙሽሮችህ አይሆንም።