የትራቨለርና የሮማ ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩት የት ላይ ነው? ለቃለ መጠይቅ ለተጠራችው እህታችን

ሰላም እህቴ፣

የጻፍሽልን ባጭሩ ይህ ነው፦ አገር ቤት አስተማሪ ነበርሽ፤ አሁን እንግሊዝ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህር ረዳት ነሽ። አንድ ካውንስል የጂፕሲ፣ የሮማና የትራቨለር ቤተሰቦችን ከትምህርት ቤት የሚያገናኝ ሠራተኛ ፈልጎ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። «ሴቶቹ ልጆች 11 ዓመት ሲሞላቸው ለምን ይቀራሉ? እኔስ ባዕድ ሆኜ ምን አደርግላቸዋለሁ?» ብለሻል።

ከስማቸው እንጀምር። የሥራ ማስታወቂያው ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው። የእንግሊዝ ሮማኒዎች ብዙዎቹ ራሳቸውን «ጂፕሲ» የሚሉት በኩራት ነው። አይሪሽ ትራቨለሮች («ተጓዦች») መነሻቸው አየርላንድ ነው። ሮማዎቹ ባለፉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ከስሎቫኪያ፣ ከቼክና ከሮማኒያ የመጡ ሲሆኑ ብዙዎቹ «ጂፕሲ» ሲባሉ የተሰደቡ ያህል ይሰማቸዋል። ከትምህርት ቤት ጋር ያላቸው ትዝታም ይለያያል። በቼኳ ኦስትራቫ የሮማ ልጆች የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው በተከፈቱ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይመደቡ ነበር፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ይህ አድልዎ ነው ብሎ የፈረደው በ2007 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ አስተማሪ «ለልጅሽ ልዩ ድጋፍ እንስጣት» ስትል የሮማ እናት ፊቷ ቢጠቁር አይግረምሽ። እሷ የሰማችው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ 11 ዓመት፤ ልጆች ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚሻገሩበት ዕድሜ ነው። አንደኛ ደረጃው ትንሽ ነው፤ እናት በሩ ላይ ቆማ መምህሯን ታናግራለች፣ የአጎት የአክስት ልጆችም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃው ከሺህ በላይ ተማሪ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷ በአውቶቡስ ብቻዋን ሄዳ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ልትቀመጥ ነው። በዚያው ዕድሜ በቤተሰቡ ዓይን ልጅነቷ እያበቃ ነው፤ ስሟ የሚጠበቅ፣ ታናናሾቿን የምትይዝ፣ ትሬይለሩን (በመኪና የሚጎተተውን ቤታቸውን) የምታጸዳ ሴት ሆናለች። እናቶች በተለይ የሚፈሩት የጾታ ትምህርትን፣ የስፖርት ልብስ መቀየሪያ ክፍልን፣ የአዳር ጉዞንና ስድብን ነው። «ትምህርት አይወዱም» የሚል መልስ በቃለ መጠይቁ ላይ እንዳይወጣሽ። የሚፈሩትን ነገር በስሙ ከጠራሽው ለአብዛኛው መፍትሔ አለው።

ለምሳሌ ከጾታ ትምህርት ልጅን ማስቀረት የወላጅ መብት ነው፤ ልጅቷ 16 ሊሞላት ሦስት ተርም (አንድ የትምህርት ዓመት ያህል) እስኪቀራት ድረስ ርዕሰ መምህሩ በመደበኛው ይፈቅዳል። ስለ ቤተሰብና ጓደኝነት ግንኙነት የሚሰጠውን ትምህርትና የሳይንሱን ክፍል ግን አይጨምርም። ይህን የነገራቸው ስለሌለ ልጅቷን ከነጭራሹ የሚያስቀሩ አሉ። ስድቡም ቢሆን «የልጆች ነገር» ተብሎ አይታለፍም፤ ሮማኒ ጂፕሲዎች በ1988፣ አይሪሽ ትራቨለሮች በ2000 በፍርድ ቤት እንደ ዘር ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ «ፓይኪ» ብሎ መስደብ የዘረኝነት ጥቃት ሆኖ መመዝገብ አለበት። መመዝገቡን ደውለሽ አረጋግጪ።

ሥራሽ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ግን በጥቅምት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ የሚዘጋው ጥቅምት 31 ቀን ነው፤ ውጤቱ መጋቢት 1 ይወጣል። ቤተሰቡ የእንግሊዝን በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) በሥራና በፈረስ ገበያ ሲዞር ከርሞ ዘግይቶ ቢያመለክት የሚደርሰው የተረፈ ቦታ ነው፤ ዘመዶቿ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት፣ እሷ ብቻዋን ወደ ሌላው። ከዚያ በኋላ አባት «አትሄድም» ቢል በምን አፍ ትከራከሪዋለሽ? ስለዚህ ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ኢር 6 (የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ክፍል) ያሉትን ልጆች ስም ዝርዝር ያዢ፤ ቅጹን ከእናትየው ጋር በስልክ ላይ ሙዪ። ደብዳቤ ብቻ አትላኪ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና ዌልስ ከጂፕሲና አይሪሽ ትራቨለር አዋቂዎች 60 በመቶው ምንም የትምህርት ማስረጃ አልነበራቸውም፤ በጠቅላላው ሕዝብ 23 በመቶ ነበር። ብዙ ደብዳቤ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የድምፅ መልእክት ይሠራል።

ሌላው የመዝገብ ጣጣ ነው። ወላጅ ለሥራ ሲጓዝ አብራ የሄደች ልጅ መዝገብ ላይ «ቲ» ተብላ ትያዛለች፤ የተፈቀደ መቅረት ነው። በሄዱበት ትምህርት ቤት ከተመዘገበች ደግሞ በሁለቱም መዝገብ ላይ ትሆናለች፤ እዚያ ስትማር የዋናው ትምህርት ቤት መዝገብ «ዲ» ይላል፣ እንደ ቀረች አይቆጠርም፣ ቦታዋም አይነካም። የሚበላሸው ቤተሰቡ ሳይናገር ሲሄድ ነው፤ ጸሐፊዋ «ያልተፈቀደ» ብላ ትሞላለች፣ በ10 የትምህርት ሳምንት ውስጥ 10 ግማሽ ቀን ሲደርስ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፦ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ ካለፈ 160። ሕጉ ተጓዥ ሠራተኛ ወላጅ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጁ በ12 ወር 200 ግማሽ ቀን ከተማረ በክስ ጊዜ መከላከያ ይሰጠዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ይህን 200 እንደ ግብ ይይዘዋል። ስህተት ነው፤ ሙሉ ዓመቱ 380 ግማሽ ቀን ነው፣ ግማሹን የተማረች ልጅ ግማሹን አጥታለች።

ከሁሉ የከፋው አንዲት አጭር ደብዳቤ ናት፦ «ልጄን ቤት አስተምራለሁ።» ወላጅ ይህን ጽፎ ሲሰጥ ስሟ ከመዝገብ ይፋቃል፣ ወንበሯም ለሌላ ይሄዳል። ደብዳቤውን ራሱ ትምህርት ቤቱ አዘጋጅቶ ማንበብ ለማትችል እናት ሲያስፈርም ታገኚ ይሆናል። መቅረት የበዛባትን ልጅ እንዲህ ማሰናበትን የመንግሥት መመሪያ ይከለክላል። ከመፈረሙ በፊት ስብሰባ እንዲጠራ ጠይቂ፤ የሚፈሩትን አንድ ነገር ብቻ አውጪ፣ እሱን ፍቺ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፤ በሩን ግን አትዝጊው። ቤት የምትማር ልጅ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ በሚቀበል ኮሌጅ በከፊል ሰዓት በነፃ መማር ትችላለች፤ ፀጉርና ውበት ወይም ሕፃናት እንክብካቤ ብዙ ጊዜ እናትም የምትስማማበት ነው። ጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ግድም የሚወሰደውን አገር አቀፍ ፈተና) በግል ለመፈተን ግን ክፍያው የቤተሰቡ ነው፣ ምዝገባውም ብዙ ጊዜ በጥርና በየካቲት ስለሚዘጋ ቀድመሽ የሚቀበል ማዕከል ፈልጊ።

ስለ ጋብቻ ይጠይቁሽ ይሆናል። ከየካቲት 27 ቀን 2023 ጀምሮ በእንግሊዝና ዌልስ ከ18 በታች ያለችን ልጅ መዳር ወንጀል ነው፤ ያለ ፊርማ በባህል የሚደረገውም ይጨምራል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ «ሊድሩኝ ነው» ብትልሽ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ በዚያው ቀን ለልጆች ደህንነት ኃላፊው ታሳውቂያለሽ። የምትመክሪው ቤተሰብ ቢቀየምሽም።

ባዕድነትሽ አያሳስብሽ። ከማንም ወገን አለመሆንሽ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ «እኛም አገር እንዲሁ ነው» እያልሽ ግን አታመሳስዪ። ስትሄጂ በቀጠሮ ሂጂ። ሻይ ከቀረበልሽ ጠጪ፤ እምቢታሽን «ንጹሕ አይደላችሁም» እንዳልሽ ሊቆጥሩት ይችላሉ። በብዙ የሮማኒ ቤት የዕቃ ማጠቢያና የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ለየብቻ ነው፤ እጅሽን ከመንከርሽ በፊት ጠይቂ።

ወረቀትን በተመለከተ ዲግሪሽን በዩኬ ኢኒክ (የውጭ ዲግሪ ከእንግሊዝ ጋር በሚያመዛዝነው ተቋም) አስመዝኚ፣ የተሟላውን ዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ) ቀጣሪው ያስወጣልሻል፤ ውጭ ለኖርሽበት ዘመን የፖሊስ ማስረጃ ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ አሁኑኑ ጀምሪው። የትራቨለር ሰፈሮቹ ብዙ ጊዜ ከከተማ ዳር፣ አውራ ጎዳና ሥር፣ አውቶቡስ በሌለበት ናቸው። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ደግሞ የሚያገለግለው እዚህ ነዋሪ ከሆንሽ እስከ 12 ወር ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈሽ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው፣ ለፈተና የተመዘገብሽበትን ቀንም ጨምሪ።