«ሰላም አደረ» ብሎ መፈረም አይበቃም፦ ስለ ሚኒሶታ ግሩፕ ሆምና የኬር ሥራ ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ ሦስት ሰው ያዘኝ። አንዱ ግሩፕ ሆም (የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሠራተኛ ጋር የሚኖሩበት ቤት) አለው፣ አንዷ ሌሊት ትሠራለች፣ የሦስተኛዋ ልጅ ደግሞ ኦቲዝም አለበት። ሦስቱም ተጨንቀዋል። «ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፣ ለሁሉም በአንድ ላይ እመልሳለሁ» አልኩና ስልኬ ሞላ። እኔ በዚህ ሥራ ከሌሊት ሺፍት ተነሥቼ ዛሬ የድርጅቶችን ፋይል እስከማየት ደርሻለሁ። የማውቀውን እነሆ። ዓመቱና ወሩ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ምን ተፈጥሮ ነው ስቴቱ ቁጥጥሩን እንዲህ ያጠበቀው?

ነገሩ የፈነዳው በቤት ፍለጋ እርዳታው ፕሮግራም ላይ ነው። ሚኒሶታ በ2020 የአእምሮ ሕመም፣ የአካል ጉዳት ወይም የሱስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቤት እንዲያገኙና ከቤታቸው እንዳይወጡ የሚረዳ አገልግሎት በሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነና ለአካል ጉዳተኛ በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) መክፈል ጀመረች። ሲታሰብ ወጪው በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 ከ100 ሚሊዮን አለፈ። በጁላይ 2025 ኤፍቢአይ የአገልግሎት ሰጪዎችን ቢሮዎች ፈተሸ፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ 8 ሰዎች ተከሰሱ፤ በኦክቶበር መጨረሻ ፕሮግራሙ ራሱ ተዘጋ።

በዚያው ወር ገዥው ቲም ዋልዝ «ለማጭበርበር የተጋለጡ» የተባሉ 14 አገልግሎቶች ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ኦፕተም በሚባል የውጭ ድርጅት እንዲመረመር አዘዙ። ዝርዝሩ ውስጥ የእኛ ሰው የሚሠራባቸው በሙሉ ማለት ይቻላል አሉበት፦ ፒሲኤና ሲኤፍኤስኤስ (ሰውን በቤቱ በግል መርዳት)፣ አደልት ደይ (የአዋቂዎች የቀን መዋያ)፣ የኦቲዝም ሕክምና፣ የሕክምና ትራንስፖርት፣ አርምስ (የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች የማገገሚያ ድጋፍ)፣ የሱስ ማገገሚያ የፒር ድጋፍ (ራሱ ከሱስ ያገገመ ሰው የሚሰጠው)፣ በየሰው ቤት የሚሰጥ ድጋፍ።

የተሰረቀው ገንዘብ የበሽተኛ ገንዘብ ነው፤ ምርመራው መምጣት ነበረበት። ግን በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል እንደሚባለው ሆነ። መኪና ውስጥ የሚያድሩ ሰዎችን አውጥተው ቤት ያስገቡ ሐቀኛ ሠራተኞችም ነበሩ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የእነሱ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀሩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ጥያቄ፦ ብሩክሊን ፓርክ ቤት ገዝቻለሁ። ግሩፕ ሆም ልክፈትበት?

ወንድሜ፣ አሁን አይሆንም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ስቴቱ አዲስ የ245ዲ ላይሰንስ (ለአካል ጉዳተኞች በቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ አገልግሎት ለመስጠት የሚያስፈልገውን ፈቃድ) መስጠት ለሁለት ዓመት አቁሟል። ደግሞም ሠራተኛ በፈረቃ የሚያድርበት ቤት መክፈት ከ2009 ጀምሮ በእገዳ የተያዘ ነው፤ የሚፈቀደው በተለየ ሁኔታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ድሮም ቤት መግዛት ብቻውን አያስከፍትም ነበር።

«ላይሰንስ እንሸጥልህ» የሚል ሰው ከመጣ ኪስህን ዝጋ። ላይሰንስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ድርጅት ሲሸጥ ገዢው የራሱን ማመልከቻ አስገብቶ፣ ስቴቱ መርምሮት ነው የሚያልፈው። ገንዘብህን ጓዳ ለጓዳ ለተጻፈ ወረቀት እንዳትሰጥ።

ጥያቄ፦ ክፍያዬ ተያዘ። 9 ሠራተኛ አለኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የያዘህ የትኛው እንደሆነ ለይ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከክፍያ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው፤ የላክኸው ቢል (የክፍያ ጥያቄ) አጠራጣሪ ተብሎ ይቆያል፣ እስከ 90 ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ተከሰስክ ማለት አይደለም። ሁለተኛው «ተዓማኒ የማጭበርበር ጥርጣሬ አለ» ተብሎ ክፍያ ሲታገድ ነው። ይህኛው በደብዳቤ ነው የሚመጣው። ደብዳቤው በእጅህ ከገባ የዚያኑ ቀን ጠበቃ ያዝ። ለዲኤችኤስ (ክፍያውንና ላይሰንሱን ለሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ብቻህን ስልክ ደውለህ አትከራከር። ፋይል አትነካካ፤ የጎደለ ወረቀት ዛሬ ጽፈህ በድሮ ቀን አትፈርም። እንዲህ በማድረግ ስንት ሰው ትንሽ ጥፋቱን ወደ ወንጀል ለውጦታል።

ደመወዝ ግን አይቆምም። ስቴቱ ባይከፍልህም ለሠሩበት ሰዓት የመክፈል ግዴታው ያንተ ነው። ባንክህን ገንዘቡ ሳያልቅ ቀድመህ አነጋግር። ለሠራተኞችህም እውነቱን ንገራቸው፤ እነሱም ቤት ኪራይ አለባቸው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ደግሞ ድንገት «ሂዱ» ማለት አይቻልም። ሕጉ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ግድ ይላል፣ የቀኑ ብዛት እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ይለያያል። ኬዝ ማናጀሮቹ (የነዋሪዎቹን አገልግሎት የሚከታተሉት) ችግርህን ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንተ ይስሙ።

ጥያቄ፦ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ኖት (የየሺፍቱን ማስታወሻ) በደንብ ጻፉ ይሉናል። «ስሌፕት ዌል፣ ኖ ኮንሰርንስ» ምን ችግር አለው?

እኅቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ልቤን የነካው ያንቺ ነው።

ከዓመታት በፊት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሺፍት ልቀበል ገባሁ። ኩሽና ውስጥ አንድ ወንበር ተገልብጧል። ስኪዞፍሬንያ ያለበት፣ ሃምሳዎቹን ያለፈ ነዋሪያችን ካፖርቱን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል። ኖቱን ገለጥኩት። «በደንብ ተኛ፣ ችግር የለም» ይላል። ወደ ኋላ ገለበጥኩ። አሥራ አንድ ሌሊት ያው ዓረፍተ ነገር፣ የፊደል ስሕተቱ እንኳ አልተለወጠም።

የመድኃኒቱን ካርድ አወጣሁ። ቀኑ የተጻፈበት እያንዳንዱ ክኒን በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተደረደረበትን ታውቂዋለሽ። የሦስት ምሽት ክኒን እንዳለ ነው፤ አልተበሳም። መዝገቡ ላይ ግን ሦስቱም ምሽት ተፈርሟል። ነርሷን ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ሆስፒታል ገባ።

ኖቱን የጻፈው ልጅ ክፉ አልነበረም። ከሌላ ሥራ ወጥቶ ነበር የሚመጣው፤ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ይሠራል፣ አገር ቤት እናቱን ይጦራል። ደክሞት ነው። ግን የመጀመሪያውን ሌሊት «አልተኛም፣ ክኒኑን እምቢ አለ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነርሷ በማግሥቱ ታውቅ ነበር። ያ ሰው ሦስት ሌሊት ብቻውን ከድምፆቹ ጋር ባልታገለ።

ዛሬ መርማሪ መጥቶ መጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው። አንድ ዓይነት ኖት ተደራርቦ ሲያገኝ አገልግሎቱ አልተሰጠም ብሎ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል። አንቺ ግን የምትጽፊው ለመርማሪ ሳይሆን ጠዋት ለሚመጣው ሰው ነው። ያየሽውን፣ ያደረግሽውን፣ እሱ ያለውን፣ ሰዓቱን ጻፊ። «ከሌሊቱ 8፡20 ላይ ተነሣ፣ በር ቼክ አደረገ፣ ውኃ ሰጠሁት፣ 9 ሰዓት ተመልሶ ተኛ» በቂ ነው። እንግሊዝኛሽ አያስጨንቅሽ፤ ሰዋስው የሚያርም የለም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ያልሠራሁትን ሰዓት ፈርሚ ይለኛል።

አትፈርሚ። ፊርማው ያንቺ ነው፣ ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ። ስልክሽንና የይለፍ ቃልሽን ሰጥተሽ ሌላ ሰው በስምሽ ክሎክ ኢን (የሥራ መግቢያ ሰዓት ምዝገባ) እንዲያደርግም አትፍቀጂ። የተጠየቅሽበትን ቀንና ቃሉን ለራስሽ መዝግቢ። ጥቆማ ለዲኤችኤስም፣ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሜዲኬድ ማጭበርበር ክፍልም መስጠት ይቻላል። በቅን ልቦና በጠቆመ ሠራተኛ ላይ መበቀል በሕግ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። እኔ ራሴ ተከፍሎኝ ልይዘው እችላለሁ? አንድ የኦቲዝም ሕክምና ሴንተር ደግሞ «ልጁን አምጪ፣ በየወሩ እንሰጥሻለን» አሉኝ።

የመጀመሪያው፦ አዎ፣ ይቻላል። በድሮው ፒሲኤ የልጅ ወላጅና የትዳር ጓደኛ መከፈል አይችሉም ነበር። በኦክቶበር 2024 ፒሲኤን መተካት የጀመረው ሲኤፍኤስኤስ ግን ይፈቅዳል። መጀመሪያ የካውንቲ ግምገማ ያስፈልጋል። ከዚያ አሻራ ሰጥተሽ ባክግራውንድ ስተዲ (የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ) ታልፊያለሽ። ሲገመግሙት ልጅሽ በመጥፎ ቀኑ ምን እንደሚሆን ንገሪያቸው። እኛ ገመና ይሸፈን ብለን «ደህና ነው፣ ጎበዝ ነው» እንላለን፤ በዚያው ልጁ የእርዳታ ሰዓት ይቀነስበታል።

ሁለተኛው፦ እምቢ በይ። ይህ ጉቦ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይቀጣል። በሴፕቴምበር 2025 በአንድ የኦቲዝም አገልግሎት ሰጪ ላይ በቀረበ ክስ ለወላጆች በልጅ ከ300 እስከ 1,500 ዶላር በየወሩ ይከፈል እንደነበር ተጽፏል። ወላጅ ገንዘቡን ይወስዳል፣ ልጁ ግን ቋንቋ ሊያወጣበት የሚገባው ጊዜ ያልፈዋል። ያ ጊዜ አይመለስም። ጥሩ ሴንተር የምታውቂው ቴራፒስቱ ከልጅሽ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጥ ስታዪው ነው።

ጥያቄ፦ አሳይለም (ጥገኝነት) ተፈቅዶልኛል፣ ግሪን ካርድ የለኝም። ሜዲኬዴ ይቆማል?

በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ በስደተኝነት (ሪፊውጂ) የገቡትንና አሳይለም ያገኙ ሰዎችን ከፌዴራል ሜዲኬድ ያስወጣል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን በዚህ አይነካም። አሳይለም ከተፈቀደልህ አንድ ዓመት ከሞላህ የግሪን ካርድ ማመልከቻህን አታሳድር። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ሌላም አለ። ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ በተስፋፋው ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዋቂዎች በተከፈተው) ውስጥ የሚገኙ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በጎ ፈቃድ መስጠታቸውን ማሳየት አለባቸው። እድሳቱም በየ6 ወሩ ይሆናል። የአካል ጉዳት ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ 13 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ ያለው ወላጅ፣ የአካል ጉዳተኛ የሚንከባከብ ሰው ነፃ ነው። ነፃ መሆኑን ግን ወረቀቱ ሊያሳይለት ይገባል። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ሰው ብቁ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ ሳያነብ ይወጣል። አድራሻችሁን ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ኦሃዮ ነኝ። ይመለከተኛል?

የላይሰንስ እገዳው የሚኒሶታ ነው። የሜዲኬዱ ለውጥና የኬር ሠራተኛ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መመዝገቡ ግን የፌዴራል ስለሆነ አንተም ጋ አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ አእምሮዋ ታሟል፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ሐኪም ቤት እኔ ነኝ የማስተረጉምላት።

አታስተርጉሚላት። ሜዲኬድ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ «አማርኛ» በይና ጠይቂ። እናት ለልጇ የማትናገረው ነገር አለ። ራሷን ልትጎዳ ትችላለች ብለሽ ከፈራሽ የቀውስ ስልክ መስመሩ 988 ሌሊትም ቀንም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ቤት ሊዘጋ ነው። ስድስት ዓመት የያዝኩት ሰው ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ምን ላድርግለት?

የሽግግር ስብሰባ ይኖራል፤ እንድትገኝ ጠይቅ። ከዚያ በፊት ቁጭ በልና ስለ እሱ አንድ ገጽ ጻፍ። ፋይሉ ላይ የሌለውን ጻፍ። ቡናው ላይ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ፣ ክኒኑን ከእርጎ ጋር እንጂ በውኃ እንደማይውጥ፣ ሌሊት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲያልፍ እንደሚደነግጥና መብራቱን ግማሽ ሲያደርጉለት እንደሚረጋጋ። ለኬዝ ማናጀሩ ስጠው፣ አዲሱ ቤት እንዲደርስ አደራ በለው። እዚያ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድርለት ሰው ያንን ገጽ ያነበዋል።